መርፌ አይወድም

ባለፈው ማክሰኞ ከቡራዩ ወደ አስኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ሸተተኝ። የወጥ ሽታ አይደለም። በጥሬው ተወቅጦ፣ በጨርቅ ተቋጥሮ፣ ሰው ገላ ላይ ሲሞቅ የሚወጣው ጎምዘዝ ያለ ሽታ ነው። ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ እግር እናት ሕፃኗን በጋቢ ጠቅልላ ታቅፋ ነበር፤ ሽታው የሚመጣው ከዚያ ነው። አንድ ጎልማሳ መስኮት ከፈተ። ወዲያው ከኋላ "ኧረ ዝጉት! ብርድ ልታስመቱን ነው እንዴ?" የሚል ጩኸት ተነሳ፤ ረዳቱም "አባት፣ ለሕፃኑ እንኳ አያዝኑም?" ብሎ ዘጋው። በእኛ አገር በታክሲ መስኮት ነፋስ ከመመታት ታፍኖ መሞት ይሻላል። እኔም አፍንጫዬን በሻርፔ ጫፍ ያዝኩ፤ ሐሳቤ ግን ሽታው ላይ አልነበረም። አስኮ እስክንደርስ ድረስ ኦቦ ጉተማ ከዓይኔ አልጠፉም።

ኦቦ ጉተማ ብር ሠሪ ነበሩ። እኛ ከአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ሸሽተን ቡራዩ ስንገባ እኔ ገና የወተት ጥርሴን አልጨረስኩም፤ ወንድሜ ናኦል ደግሞ አልተወለደም። የተከራየናት ቤት ከሳቸው አጥር ጋር የተለጠፈች ነበረች። ወገኖቻቸው ከተማው ሳይመጣ ጀምሮ እዚያው የኖሩ ገበሬዎች ናቸው፤ ወንድሞቻቸው በገፈርሳ በኩል ገብስና ጤፍ ያርሱ ነበር። እሳቸው ግን አንድ እግራቸው ከልጅነት ጀምሮ ስለሚያነክስ ተቀምጠው የሚሠሩትን ሙያ ያዙ። መስቀል፣ ቀለበት፣ ጉትቻ፣ ለእስላሞቹ ሙሽሮች አምባር ይሠሩ ነበር። ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወጣ በቆርቆሮ በራቸው ብቅ ይሉና "አካም ቡልቴ፣ ኢንተላ ኮ" ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ፣ እሳቸው እንደገና በኦሮምኛ፤ እንዲህ እየተባባልን ነው ቋንቋውን የለመድኩት።

የሥራ ቤታቸው ጨለም ያለች ነበረች። ወናፉ ሲተነፍስ ከሰሉ ይቀላል፤ የሞረድ ድምፅ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ባትሪዋ በጎማ ላስቲክ የታሰረች ሬዲዮ ከመስኮቱ ላይ ታጉረመርማለች። ከሁሉ በላይ ግን ሎሚ ይሸታል። ብር ሲሠራ ይጠቁራል፤ የሚነጣው በሎሚና በእንዶድ አረፋ ሲታሽ ነው። ስለዚህ ኦቦ ጉተማ ሎሚ አይበቃቸውም ነበር። ለመድኃኒታቸውም ማንንም ዋጋ ጠይቀው አያውቁም፤ የታመመ ሰው ሎሚ ይዞ ይመጣል፣ አለቀ። በራቸው ላይ ሎሚ የያዘ ሰው ካየን "ማን ታመመ?" ብለን እንጠይቅ ነበር።

አዎ፣ መድኃኒትም ይሰጡ ነበር። ለሆድ ፌጦ በሎሚ፣ ለምች ዳማ ከሴ፣ ለጉንፋን ማርና ዝንጅብል። ይሄማ በየቤቱ አለ ትሉ ይሆናል፤ አለ። የሳቸው ልዩ ነገር ብሩ ነው። አንድ የድሮ ጠገራ ብር ነበራቸው፤ ውሃ ውስጥ ያሳድሩትና በዚያ ውሃ ማዝ የያዘውን ዓይን ያጥባሉ፣ ያመረቀዘ ቁስል ያጸዳሉ። የኔም ዓይን በሱ ታጥቦ ድኗል፤ ውሃው ይሁን በራሱ ጊዜ ይሁን የዳነው እንጃ። ሐኪም ቤት ሩቅ ነበር፤ ሄዶ ተሰልፎ መዋል ነበር፤ ኦቦ ጉተማ ግን ከአጥሩ ማዶ ነበሩ። እናቴ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" እያለች ትንሽ ባስነጠሰን ቁጥር ወደሳቸው ትጎትተን ነበር።

ከዚያ ደግሞ ቀለበቷ ነበረች። ፈርጥ የሌላት ቀጭን የብር ቀለበት ናት። ትኩሳት አልለቅ ያለው ሰው ሲመጣ በክር አስረው ገላው ላይ ያሳድሯታል። ነጭ ሆና ካደረች ምች ነው፣ ወይም ብርድ ነው፤ ዳማ ከሴ ይበቃዋል። ከጠቆረች የወፍ በሽታ ነው ይላሉ፤ ያ ዓይንና ገላን ቢጫ የሚያደርገው። የወፍ በሽታ ደግሞ መርፌ አይወድም። ይህን የሚሉት እሳቸው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ያለች እናት ሁሉ የምታውቀው ነገር ነው። ወፍ የያዘው ሰው መርፌ ከተወጋ አለቀለት ይባላል። ሰው ይህን ሲናገር እሳት ያቃጥላል እንደሚል ያህል ነው፤ የሚጠራጠርም የለም።

ናኦል ስድስት ዓመቱ ላይ ታመመ፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል። ስሙን ያወጡለት ኦቦ ጉተማ ናቸው፤ ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ አብልጠው ይወዱት ነበር። መጀመሪያ ሳል ብቻ ነበር። እናቴ ነጭ ሽንኩርት ወቀጠች፣ በቅቤ ለወሰችው፣ በአሮጌ ሻሽ ቋጥራ በሹራቡ ስር ደረቱ ላይ አሰረችለት። ሳሉ ሳይለቀው ትኩሳት ተጨመረ። ራሴን ራሴን ይላል፣ የበላውን ይመልሳል፣ በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ ብሎ ያለቅሳል። አባቴ አቃቂ ፋብሪካ ይሠራ ስለነበር የሚመጣው ቅዳሜ ነው። እናቴ ብቻዋን ናት። የልጁን የዓይን ቆብ ገልበጥ አድርጋ አየችና "ቢጫ መሰለኝ" አለች። እኔም አየሁ፤ ቢጫም ሊሆን ይችላል፣ የፋኖሱም መልክ ሊሆን ይችላል።

ኦቦ ጉተማ እያነከሱ መጡ። ያን ሰሞን ጉንፋን ጥሏቸው አፍንጫቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ ነበር፤ ድምፃቸውም ተዘግቷል። ልጁን ጎንበስ ብለው አዩት፣ ግንባሩን ነኩት፣ ቀለበቷን ለእናቴ ሰጧት። "ደረቱ ላይ አሳድሪው" አሏት። እናቴም አሳደረች።

ጠዋት ተመልሰው ሲመጡ እናቴ ነጠላዋን ለብሳ ናኦልን ለማዘል አንቀልባ ይዛ ቆማ ነበር። ጤና ጣቢያ ልትወስደው ነው። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲቃዥ ነው ያደረ። ኦቦ ጉተማ "ቆይ፣ ቀለበቷን ልያት" አሉ። ከሹራቡ ስር ስትወጣ እንደ ጥቀርሻ ጠቁራለች።

"ዋቃዮ!" አሉ። "አበበች፣ ወፍ ነው። እንዳትወስጂው። መርፌ ይወጉታል።"

እናቴ አንዴ ልጁን፣ አንዴ እሳቸውን አየች። ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ላይ ሰቀለችው። እስከ ዛሬ ከዚያ ሰሞን ሁሉ ጎልቶ የሚታየኝ ይኸው ነው፤ እናቴ ነጠላዋን መልሳ ስትሰቅል።

ከዚያ በኋላ ቅጠል እየተጨመቀ ተሰጠው፤ የጠገራው ብር ውሃም በማንኪያ ተሰጠው። የሚውጠውን ሁሉ ይመልሰዋል። ኦቦ ጉተማ ሥራቸውን ትተው ደጃችን ላይ ይቀመጡ ነበር። ቅዳሜ አባቴ ሲመጣ የናኦል አንገት ደርቆ አልታጠፍ ብሎ ነበር፤ እዚያው አባቴ ፊት ይንዘፈዘፍ ጀመር። አባቴ አንድም ነገር ሳይጠይቅ ልጁን ከነብርድ ልብሱ አፈፍ አደረገው። እናቴ በሩ ላይ ተጠመጠመችበት። "መርፌ ሊያስወጉብኝ ነው! ልጄን ሊገሉብኝ ነው! ኦቦ ጉተማ ንገሩልኝ እንጂ!" ትጮሃለች። ኦቦ ጉተማ አጥሩን ይዘው ቆመዋል። አባቴ ገፍቷት ወጣ።

ከተማ ውስጥ ትልቅ ሆስፒታል አስተኙት። ማጅራት ገትር ነው አሉ። በየቀኑ ጠዋት ማታ መርፌ ተወጋ። ሐኪሙ ለአባቴ "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጡት ኖሮ" ብሎታል። አባቴ ይህን ለእናቴ አንድ ጊዜ ነገራት፤ ነገር የማይደግም ሰው ስለነበር ዳግመኛ አላነሳውም።

ናኦል እዚያው ተኝቶ ሳለ እናቴ ልብስ ልትቀይር መጣች። ኦቦ ጉተማ ሊጠይቋት መጡ፤ ጉንፋናቸው ለቋቸዋል። ከልጁ ላይ የወለቀውን ሹራብና ሻሹን ጥግ ላይ ጥላው ነበር። እሳቸው በርጩማ ላይ እንደተቀመጡ ዘወር ብለው አሸተቱ። ሻሹን አነሱት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

"አበበች፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ነጭ ሽንኩርት ነዋ። ለሳሉ ብዬ ያሰርኩለት።"

"ቀለበቷ ያደረች ለት ነበረ?"

"ኧረ ከዚያም በፊት ነበረ። ምነው?"

ሻሹን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እጃቸውን ከላዩ ጫኑት። እኔ ልጅ ነኝ፣ ምን እንደገባቸው አልገባኝም፤ ግን ፊታቸው አስፈራኝ። ብር በነጭ ሽንኩርት እንደሚጠቁር ብር ሠሪ ሁሉ ያውቃል። ምሳ የበላ ሰው እጁን ሳይታጠብ መስቀል ሲነካ የሚቆጡ ሰው ነበሩ እኮ!

ናኦል በሕይወት ተመለሰ። ሰፈሩ እልል አለ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ሁሉም ሳመው፤ እሱም ዳቦውን ይዞ መሃላችን ተቀመጠ። አንዱ ሲወጣ የቆርቆሮ በሩን ነፋስ ወርውሮ ደረገመው። ሁላችንም ክው አልን። ናኦል ዳቦውን ይበላል። እናቴ ከጀርባው ሆና ጠራችው፤ አልዞረም። ጮክ ብላ ጠራችው። ከዚያ የሆነውን ጩኸት መተረክ አልፈልግም።

ሰፈሩ ለመፍረድ አንድ ቀን አልፈጀበትም። "መርፌው ነው!" ተባለ። "ኦቦ ጉተማ ብለው ነበር! ቀለበቷ ጠቁራ ነበር! አባትየው እልኸኛ ሆኖ ነው እንጂ!" እናቴ ይህን ስትሰማ ሸክም የወረደላት ያህል ቀለላት፤ አያታለሁ። ከአባቴ ጋር እስከ መጨረሻው እንደ ድሮው አልሆኑም። ጭራሽ ኦቦ ጉተማ ዘንድ የሚመጣው ሰው በዛ። የናኦል ነገር ተሰምቶ ከሱሉልታ፣ ከሰበታ፣ በፌስታል ሎሚ ተይዞ ይመጣል። ወይ ጉድ! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ኦቦ ጉተማ ከበራችን ቆመው ጠበቁን። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል፣ ጫማቸውም ተወልውሏል፤ ለሽምግልና የመጡ ነበር የሚመስሉት። ግቡ ተባሉ፣ ገቡ፤ ተቀመጡ ተባሉ፣ አልተቀመጡም።

"አበበች፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" አሉ። "ወፍ አልነበረም። ቀለበቷን ያጠቆራት ነጭ ሽንኩርቱ ነው። አፍንጫዬ ተዘግቶ አልሸተተኝም። ያን ቀን ወስደሽው ቢሆን ኖሮ..."

"ኧረ በስመአብ በሉ!" አለች እናቴ። "እርስዎ ምን አጠፉ? መርፌ አይወድም አላሉም? ብለዋል።"

"ብያለሁ። ስህተት ነው ያልኩት። ልጁን የጎዳው መርፌው አይደለም፤ የኔ ቃል ነው። ለሰው ሁሉ ንገሪልኝ። እኔ ስነግራቸው አያምኑኝም፣ ትህትና ይመስላቸዋል። አንቺ ብትነግሪያቸው ያምናሉ።"

እናቴ የተነጠፈውን የአልጋ ልብስ ደግማ ታነጥፋለች። ከዚያ ቀና ብላ ሳታያቸው፣ በዚያ በአክብሮት ድምጿ፣ "ኦቦ ጉተማ፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ቤቴ ውስጥ እንዳይናገሩ" አለች። እሳቸው ተሳስተው ከሆነ ነጠላዋን የሰቀለችው እሷ ናት። ልጁን እቤት ያዋለችው፣ በሩ ላይ የታገለችው እሷ ናት። ይሄ ሁሉ የገባኝ ራሴ ከወለድኩ በኋላ ነው። ኦቦ ጉተማ ግን ያኔውኑ ገባቸው መሰለኝ፣ "እሺ ልጄ" ብለው ወጡ።

ከዚያ ወዲያ ቀለበቷን አላየናትም። ሸጠዋት ይሁን አቅልጠዋት አላውቅም። ለሆድ ፌጦውን፣ ለጉንፋን ማርና ዝንጅብሉን መስጠት አልተዉም፤ ትኩሳት የያዘው ልጅ ከመጣ ግን ሥራ ቤታቸውን ዘግተው፣ ያቺን እግራቸውን እየጎተቱ፣ እናትየዋን እስከ ጤና ጣቢያው ይሸኟታል። ከአንዳንዷም ጋር ተራዋ እስኪደርስ ሰልፍ ላይ አብረው ይቆማሉ። ሰው አልገባውም። "ሸመገሉ፣ መድኃኒቱ ከዳቸው" ይላል። የከፋውም "ለሀብታም ብቻ ነው የሚሰጡት" ብሎ ያማቸዋል። ኤዲያ! ሰውን ከለመደው ነገር ማስጣል እንዴት ከባድ መሰላችሁ።

ናኦል ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚሮጠው ወደሳቸው ነበር። እናቴ አትከለክለውም፤ ምን ብላ ትከልክለው? ብር ሲቀጠቅጡ መዳፉን ከሚቀጠቅጡበት ግንድ ላይ ያስቀምጥና የመዶሻውን ምት ይሰማል፤ በሆዱ ይስቃል። እሳቸው ምቱን ቀስ ያደርጉለታል፣ ቶሎ ቶሎ ያደርጉለታል፣ ያቆሙና ያስጠብቁታል። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ የእጅ ቋንቋ ከኔ ቀጥሎ የተማሩ እሳቸው ናቸው። በዚያ በደነደነ ጣታቸው "ሎሚ"፣ "እሳት"፣ "ጎበዝ" ይሉታል። "ይቅርታ" የሚለውን አንድ ቀን ከኔ ተማሩ፤ ሲሉት ግን አላየሁም።

ባለፈው ጥር አረፉ። ናኦል አሁን ትልቅ ሰው ነው፤ ቡራዩ ውስጥ አልጋና ቁም ሳጥን ይሠራል። ሳጥናቸውን የሠራው እሱ ነው፣ ከተሸከሙትም አንዱ እሱ ነው። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን እናቴ ለለቀስተኛው ያንኑ የኖረችበትን ታሪክ ትነግራለች፤ ቀለበቷን፣ መርፌውን፣ የአባቴን እልኸኝነት። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፣ አይመልስላትም። ሰዉ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ዞር እያለ ናኦልን ያያል። እሱም ሰው ባየው ቁጥር፣ የሚያጽናኑት መስሎት፣ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል።

አንዲት ሴት ከኋላ ተነሥታ መጣች። ትንሽ ሴት ልጅ በእጇ ይዛለች። ከሱሉልታ ነው የመጣሁት አለች። "ያ በመርፌ የደነቆረው ልጅ እሱ ነው?" ብላ ጠየቀችኝና ሳልመልስላት የናኦልን ራስ ይዛ ጆሮዎቹን ሳመችለት። "የዚህን ልጅ ነገር ሰምቼ ነው እኮ፣ የኔም ወንዱ ትኩሳት ሲይዘው መርፌ ያላስወጋሁት" አለች።

"ታዲያ ዳነ?" አልኳት።

"ጌታ ወሰደው። ግን በመርፌ አልተንገላታብኝም፤ እሱ ያጽናናኛል።"

ናኦል ትከሻዬን ነካ አድርጎ "ምን አለች?" ብሎ በእጁ ጠየቀኝ። "ቆይ" አልኩት በእጄ። ለሴትየዋ ደግሞ ምን ልበላት? ልጇ ሄዷል። እናቴን ያጸናት ውሸት እሷንም አጽንቷታል። ግን ትንሿ ልጅ እዚያው ቀሚሷን ይዛ ቆማለች፣ አፍንጫዋ ይዝረከረካል፣ ታስላለች። ጨነቀኝ።

"ይህቺን ሲያማት ሐኪም ቤት ውሰጃት" አልኳት። "መርፌም ቢሆን ትወጋ። ኦቦ ጉተማ ራሳቸው ነው የተናገሩት፣ እኔ ሰምቻለሁ።"

ሴትየዋ እንደ ሰደብኳት ሁሉ ፊቷ ተለወጠ። ዞር ብላ እናቴን አየቻት። "እማማ፣ እውነት ነው? እርስዎ ይንገሩኝ እስኪ። እናቱ እርስዎ ነዎት።"

እናቴ ሴትየዋን አላየችም። ዓይኗ ትንሿ ልጅ ላይ ነበር። ነጠላዋን አስተካከለች፣ መልሳ አስተካከለች። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"ውሰጃት" አለች፣ ለእኛ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። "ልጄን መርፌ አይደለም ያደነቆረው። አዋልኩት እቤት፣ አዘገየሁት። ውሰጃት፣ እሺ?"

ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ናኦል ሄዶ አቀፋት፤ ሴቶቹም "አይዞሽ፣ ደግ ጎረቤት አጣሽ" አሏት። ለቀስተኛው ሁሉ ለኦቦ ጉተማ የምታለቅስ መስሎት ነበር።